ብርድ ልብሱ «ይማርዎት» አለ

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የማይፈሩት ነገር ቢፈለግ አይገኝም። የጋዝ ሲሊንደር ይፈራሉ። ሊፍት ይፈራሉ። ቀላል ባቡሩ በምኒልክ አደባባይ በኩል ባለፈ ቁጥር «አንድ ቀን መንገዱን ስቶ ከነሰዎቹ ጓዳዬ ይገባል» እያሉ የጓዳቸውን በር ይቀረቅራሉ። ኮምፒውተር ግን ፈርተው አያውቁም ነበር። የልጅ ልጃቸው የዊንታ ኮምፒውተር ለእሳቸው ዳንቴል የሚለብስ፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ አፍ የሌለው ጨዋ ዕቃ ነበር።

ዕቃው አፍም ዓይንም እንዳለው ያወቁት ዊንታ «የመጨረሻው የቃል ፈተናዬ በኦንላይን ሆነ» ያለቻቸው ቀን ነው።

«በምን?»

«በኦንላይን። እዚሁ ቤት ሆኜ፣ በኮምፒውተሩ። ፈታኞቹ እዚያ፣ እኔ እዚህ።»

«ያዩሻል?»

«ያዩኛል።»

«ቤቱንስ?»

«ቤቱንም ያያሉ፣ አደይ» አለች፤ አያቷን የምትጠራው በትግርኛ «እናቴ» እያለች ነው።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። የክረምት ፍሳሽ የሳለበት ቡናማ ካርታ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። «በይ እንግዲያው ቀለም ቀቢ ይጠራ» አሉ።

ቀለሙስ ተቀባ፤ የልባቸው ጭንቀት ግን በቀለም የሚሸፈን አልሆነም። ዊንታን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ብርቱ ናት፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ ስድስት ዓመት ስትለፋ አንድ ቀን አላማረረችም። አንድ ነገር ብቻ አለባት፦ ሰው አፍጥጦ ሲያያት የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል። አራተኛ ክፍል ሳለች ለወላጆች በዓል ግጥም ልታነብ መድረክ ላይ ወጥታ «ክቡራን ወላጆች» ካለች በኋላ ዝልፍልፍ ብላ ወድቃለች። ያን ጊዜ ሮጠው ያነሷት ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ነበሩ። አሁንም ከወደቀች ማን ያነሳታል? ኮምፒውተሩ?

ቅዳሜ ዕለት የክፍል ጓደኞቿ ሜላትና ቃለአብ ሊያስጠኗት መጡ። ሁለቱም በዚያው ሳምንት ተፈትነው ጨርሰዋል። ሊያስጠኗት መጡ ይባል እንጂ ሲከራከሩ ነው የዋሉት።

«እኔ በስክሪን መፈተን ይመቸኛል» አለ ቃለአብ፣ የሰጡትን ዳቦ በሻይ እያራሰ። «በአካል ሲሆን ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ብቻውን ነጥብ ያስቀንስሃል። ጉልበትህ ሲብረከረክ ያዩሃል። በስክሪን ጉልበት የሚባል ነገር የለም። ከላይ ኮትና ክራቫት፣ ከታች የኳስ ቁምጣ። ማን አየኝ?»

«አንተ ፈታኞቹ ፊት ያለቀስከው ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለች ሜላት።

«አላለቀስኩም! ኔትወርክ የሚይዘው አትክልት ተራ ያለው የአጎቴ መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው። ዙሪያዬን ሽንኩርት! ዕንባዬ ሲወርድ ፈታኟ "አይዞህ ልጄ፣ ተረጋጋ፣ ውሃ ጠጣ" ብላ ጥያቄውን አቀለለችልኝ። እስቲ በአካል ቢሆን አንድ ኬሻ ሽንኩርት አዝዬ መግባት እችል ነበር?»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ወዲያው ግን ሜላት ቀጠለች።

«እኔ ሁለተኛ በስክሪን ከምፈተን ባዶ እግሬን እንጦጦ ብወጣ ይሻለኛል። በአካል ሲሆን የፈታኙን ቅንድብ ታነባለህ። ስትስት ቅንድቡ ከፍ ይላል፣ አንተም "ይቅርታ፣ ማለቴ" ብለህ ትመለሳለህ። በስክሪን ግማሾቹ የሚያሳዩህ ግንባራቸውን ብቻ ነው። ደግሞ ልክ ዋናውን መልስ ስናገር ኔትወርኩ ቀጥ! አፌን እንደከፈትኩ ደርቄ ቀረሁ። ፎቶው የክፍሉ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ።»

«እማማ፣ ላሳይዎት?» አለ ቃለአብ ስልኩን እያወጣ።

«አሳያቸውና ዛሬ አትክልት ተራ በቃሬዛ ነው የምትገባው!»

ዊንታ አልሳቀችም። እጆቿን እያየች ነበር። «የእኔው ሌላ ነው» አለች። «ዋርድ ውስጥ ሕመምተኛ አጠገብ ስሆን አልፈራም። እጁን ስይዝ፣ ጀርባው ላይ መዳፌን ሳሳርፍ፣ የጠፋብኝ ሁሉ ይመለስልኛል። በስክሪን ግን ማንን ልንካ? ቁልፉን?»

«ብቻሽን ደግሞ አይደለሽም፣ እኔ አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ» አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ።

ሦስቱም ተማሪዎች እኩል ዞሩባቸው። «አይቻልም!»

ቃለአብ አስረዳቸው። ተፈታኙ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው የሚሆነው። የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ እንደ ኩረጃ ይቆጠራል፤ ፈተናው ይሰረዛል።

«ከተሰረዘስ?»

«ዓመት ትጠብቃለች፣ እማማ። እኛ ዶክተር እንባላለን፣ እሷ ትቀራለች።»

የዚያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ እራት አልበሉም።

ሰኞ በማለዳ ተነስተው ግቢውን ጸጥ የማሰኘት ዘመቻ ጀመሩ። የጎረቤቱን ቴሌቪዥን አስዘጉ። አጥር ሊያጠብቅ የመጣውን አናጺ «መዶሻህን ነገ አምጣ» ብለው መለሱ። የቀረው ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆሞ ታክሲ የሚጠራው ጢማሙ ወያላ ነበር፤ ድምፁ ከአራዳ ጊዮርጊስ ደወል የሚበልጥ።

«ልጄ፣ ስምህ ማን ይባላል?»

«አታክልቲ እባላለሁ፣ ማዘር።»

«አታክልቲ ወደይ! የአገሬ ልጅ ሆነህ ነው እንዴ እንዲህ የምታደነቁረኝ? በል ዛሬ እስከ ምሳ ቀስ ብለህ ጥራ። ልጄ ፈተና ላይ ናት።»

«ቀስ ተብሎ ታክሲ ይጠራል እንዴ? የኪዳን ጸሎት አደረጉትኮ!»

«በእናትህ!»

በእናቱ ከተባለ በኋላ ምን ያደርጋል? የታክሲውን በር በቀስታ ከፍቶ፣ እጁን አፉ ላይ ጋርዶ «አምስት ኪሎ... አምስት ኪሎ...» እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ። መንገደኛው ምስጢር የሚሸጥ መስሎት ተሰበሰበበት። አንዲት ሴትዮ «ምን ተገኘ? ስኳር መጣ?» ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ታክሲው ከሌላው ቀን ፈጥኖ ሞላ።

ዊንታ ነጭ ጋውኗን ለብሳ አያቷን እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «አደይ፣ አቶ ሉልሰገድ ቤት ሄደሽ ቁጭ በይ። እስክደውልልሽ እንዳትመጪ። ማይ።»

«እሺ ጓለይ፣ እሺ ልጄ።»

ማሉ፤ እውነታቸውንም ነበር የማሉት። የጎረቤታቸው የአቶ ሉልሰገድ በር ድረስም ሄደዋል። ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ ነው ያቺ የአራተኛ ክፍል ልጅ መድረክ ላይ ስትወድቅ የታየቻቸው። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ በጓሮ ዞረው፣ በኋላው በር መኝታ ቤት ገቡ። ከሳሎኑ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነው። «ከወደቀች አነሳታለሁ፤ ካልወደቀች በመጣሁበት እወጣለሁ። ማን ያውቃል?» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ሳሎን ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። ጥርት ያለ፣ እንደ አዲስ ስታርች ያለ ድምፅ ነው። ፕሮፌሰር እፀገነት እንደሆነች ስትናገር ሰሙ። አብሯት የሚፈትነው ደግሞ ዶክተር ተስፋሁን ይባላል፤ አፍንጫው እንደታፈነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

«ተማሪ ዊንታ፣ ኮምፒውተሩን ይዘሽ ክፍሉን አዙረሽ አሳዪን» አለች ፕሮፌሰሯ። «ያ መጋረጃ ምንድነው?»

«መኝታ ቤት ነው።»

«ክፈቺው።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከአልጋው ብድግ አሉ። በጓሮው በር ለመውጣት ጊዜ የለም። ያላቸውን አንድ ነገር አደረጉ፦ አልጋው ላይ እንደ ድንች ተጠቅልለው ወደቁና ብርድ ልብሱን ከነራሳቸው ተከናነቡ። ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ መጋረጃው ተከፈተ።

«አልጋው ላይ የተከመረው ምንድነው?»

«ብርድ ልብስ ነው፣ ፕሮፌሰር። አያቴ ብርድ ትፈራለች።»

«ብዙ ትፈራለች ማለት ነው። ባዶ ነው ክፍሉ?»

«ባዶ ነው።»

«ጥሩ። መጋረጃው እንደተከፈተ ይቆይ፤ እንዲታየኝ።»

እንግዲህ መንቀሳቀስ የለም። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ በሱፍ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በጠራራ ጠዋት፣ ነጠላና ጋቢ ደርበው ይቀቀሉ ጀመር። የመጀመሪያው ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነበር። እሳቸው የማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ቢማሩም የሕክምናው እንግሊዝኛ ለጆሯቸው ሩቅ ነው። ስለዚህ የዊንታን ድምፅ ብቻ ተከተሉ። እንደ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ልባቸው ያርፋል። ሲቆራረጥ እሳቸውም ከውስጥ ይቆራረጣሉ። ሁለት ጊዜ ጸጥ ስትል ከብርድ ልብሱ ወጥተው ሊያነሷት ትንሽ ነበር የቀራቸው፤ ሁለት ጊዜም ተመልሳ ቀጠለች።

«አሁን ሁለተኛው ክፍል» አለች ፕሮፌሰሯ። «ከታማሚ ጋር የምታደርጊው ንግግር በአማርኛ ነው። ዶክተር ተስፋሁን ታማሚዋን ሆኖ ይመልስልሻል።»

ከዚያ ያ የታፈነ፣ ጎርናና የወንድ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «እኔ የስድሳ አምስት ዓመት ሴት ነኝ። የአምስት ልጆች እናት ነኝ። ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያፍነኛል።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ በብርድ ልብሱ ውስጥ አማተቡ።

«አይዞዎት እማማ» አለች ዊንታ። ድምጿ ግን ቀጭን ሆኗል። «መቼ... መቼ ጀመረዎት?»

«ከበዓሉ ወዲህ ነው ልጄ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ።»

ዝምታ። ዝምታው ረዘመ። ልጅቷ ጠፍቶባታል። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን በትራሱ አፈኑ፤ ማንኛውንም ቃል ቢያወጡ ገደል እንደሚከቷት ያውቃሉ። አፈኑ፣ አፈኑ። ልክ ዊንታ ትንፋሽ ወስዳ «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ስትል፣ የአምስቱ ልጆች እናት አስነጠሰች።

እንዲህ ያለ ማስነጠስ ነው! ኮምፒውተሩን ያንቀጠቀጠ።

«ይማርዎት!» አለ ብርድ ልብሱ።

«ያኑርዎት!» አለ ዶክተር ተስፋሁን።



«ማነው የተናገረው?» አለች ፕሮፌሰር እፀገነት።

ዊንታ ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠች። አያቷ ፀጉራቸው ተለጥፎ፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ተገኙ። ወይዘሮዋም ከተገኙ አይቀር በወጉ ነው ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ላሉት ለሁለቱ ሰዎች ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «እንደምን አደራችሁ። ቤት ለእንግዳ።»

«ተማሪ ዊንታ» አለች ፕሮፌሰሯ። «ክፍሉ ባዶ ነው ብለሽኝ ነበር። ፈተናው እዚህ ላይ ይቆማል። ከምሳ በኋላ እንገናኝና የምትዪውን ትያለሽ። ከዚያ ይሰረዝ አይሰረዝ እንወስናለን።» ስክሪኑ ጠቆረ።

ዊንታ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጋውኗን ቁልፍ በቁልፍ ፈታች። «ስድስት ዓመት፣ አደይ» አለች። «ስድስት ዓመት ተምሬ በማስነጠስ ልወድቅ ነው።»

«ዝም ልል ነበርኮ። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሰው አስነጥሶ ዝም ይባላል እንዴ? ከሕፃንነቴ ጀምሮ...»

«ምለሽልኝ ነበር።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጫማቸውን አደረጉና ወጡ። አሁን በእውነት ወደ አቶ ሉልሰገድ ቤት ሄዱ፤ አሁን በእውነት አንኳኩ።

አቶ ሉልሰገድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ደጃች ውቤ ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ርስት ያካፈሉ፣ ልጃገረድ የጠየቁ ሽማግሌ። ኮታቸውን ሳይለብሱ ጉዳይ አይሰሙም። ለብሰው ተቀመጡ።

«ከማን ጋር ነው ጠቡ፣ እትዬ ዓለም?»

«ከኮምፒውተር ውስጥ ሰዎች ጋር።»

«በዳዩ ማነው?»

«እኔው።»

«ምን አደረጉ?»

«ይማርዎት አልኩ።»

አቶ ሉልሰገድ ጺማቸውን አሻሹ። «በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ ያለ በደል ቀርቦልኝ አያውቅም» አሉ። «ግን በደል በደል ነው። ሦስት መሆን አለብን።»

ሁለተኛው ሽማግሌ የቤተሰቡ ንስሐ አባት አባ ቃለጽድቅ ሆኑ። ሦስተኛው ባለ ሱቁ አቶ ሰላሀዲን ናቸው፤ እሳቸው ሲመጡ «የቤቱ ኔትወርክ እንዳያዋርደን» ብለው ስልካቸውን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርገው ይዘው መጡ።

ዊንታ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ሲገቡ ስታይ ራሷን ያዘች። «አደይ! ይሄ ጋብቻ አይደለምኮ!»

«ጋብቻማ ቀላል ነበር» አሉ አቶ ሉልሰገድ። «ይሄ ማዕረግ ነው። ክፈቺው ልጄ።»

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰር እፀገነትና ዶክተር ተስፋሁን ብቅ አሉ። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አስተካከለች። ጠረጴዛው ዝቅተኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል።

«ዊንታ፣ ምንድነው ይሄ? ሦስት ሆድ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ሽማግሌዎች ነን» አለ የመሃለኛው ሆድ፣ ባለ ኮቱ።

«እባካችሁ ተቀመጡና ፊታችሁን ልይ።»

«ይቅርታ እመቤቴ፤ ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ይሄ የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«የአባቶቻችን ወግ ካሜራ አያውቅም!»

«ካሜራው ይማር እንጂ!»

በዚህ መሃል አባ ቃለጽድቅ ነገሩ እንዳይከር ብለው መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። ዶክተር ተስፋሁን የልማድ ነገር ሆነበትና ሊሳለም ጎንበስ አለ። ስክሪኑ በራሰ በራ ሞላ። አባ ቃለጽድቅም አልከለከሉትም፤ መስቀሉን መስታወቱ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ስክሪኑ ጥግ ላይ የፕሮፌሰሯ ዓይን ወደ ላይ ሲወጣና ሲመለስ ታየ።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከጥግ ሆነው ሁሉን ያያሉ። ዊንታ ግድግዳ ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። አያቷን ከጠዋት ወዲህ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ይሄን ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ በሆዶቹ መካከል ሾልከው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው።

«ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ በዳይ ነኝ፤ መቀመጥ እችላለሁ» አሉ። «ልጅቱ ባዶ ነው ስትል ባዶ መስሏት ነው። እኔን አስምላ አስወጥታኝ ነበር። ምዬላት ተመለስኩ። ፈርቼ ነው። ብትወድቅ ማን ያነሳታል ብዬ። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን፤ ዓመቱን እኔ ልጠብቅላት።»

ፕሮፌሰር እፀገነት ማስታወሻዋን ገለጠች። «ሁሉም ተቀድቷል፤ ሰምተነዋል። የሰማነው ቃል አንድ ነው፤ ግን ምልክት ሊሆን ይችላል። ስንት የኩረጃ ምልክት አይተናል።»

«ፕሮፌሰር» አለ ዶክተር ተስፋሁን በመሐረቡ አፍንጫውን ይዞ። «ምልክት ከሆነ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። ያኑርዎት ያልኩትም እኔ። ሦስታችንም ነን ማለት ነው የኮረጅነው።»

«ሳታስብ እንዴት መለስክ?»

«ይማርዎት ተብሎ ታስቦ ይመለሳል?»

«እውነት ብሏል» አሉ አቶ ሰላሀዲን ከላይ፣ የማይታዩት።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ዊንታ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዊንታ ከግድግዳው ለቀቀች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም አልተቆረጠም። «የሷን መግባት አላውቅም ነበር። ግን ፕሮፌሰር፣ ጥያቄው የጠፋብኝ ከሷ በፊት ነው። በአካል ስንፈተን አልጋው ላይ ሕመምተኛ ይተኛ ነበር፤ ነክተነው ነበር የምንናገረው። ለጓደኛዬ ስክሪኑ ይሻለዋል፣ ለእኔ ግን ባዶ ቤት ውስጥ ለመስታወት "አይዞዎት እማማ" ማለት አቃተኝ።»

«ይሄን ቅሬታ ከብዙ ተማሪ ሰምቻለሁ» አለች ፕሮፌሰሯ። ወደ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አየች። «ሕጉ የሚከለክለው የማይታይ ሰው ነው። እሳቸው አሁን ከሚገባው በላይ ይታያሉ። እንዲህ እናድርግ፤ ሁለተኛው ክፍል እንደ አዲስ ይጀመር። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የታማሚዋ አካል ይሆናሉ፣ ዶክተር ተስፋሁን አፏ። እርስዎ ግን አንድ ቃል፣ አንድ! ቢተነፍሱ ይሰረዛል።»

«ተቀመጡ ተብለናል?» አሉ አቶ ሉልሰገድ።

«ውጡ ተብላችኋል፣ አባባ። በክብር።»

ሽማግሌዎቹ በክብር ወጡ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ካሜራው ፊት፣ ከንፈራቸውን በጣታቸው ይዘው ተቀመጡ። ዊንታ እጇን ታጥባ መጣችና የአያቷን እጅ ጨበጠች፤ ጣቶቿ የደም ሥራቸው ላይ አረፉ። ወይዘሮዋ የልጅቷ እጅ ቀስ በቀስ ሲረጋ ተሰማቸው።

«ትንፋሽ ያፍነኛል» አለ ዶክተሩ።

«አይዞዎት እማማ። በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?»

«በሦስት።»

ሐሰት! ወይዘሮ ዓለምጸሃይ በአንድ ትራስ ነው የሚተኙት። ዋጡት።

«እግሬም ያብጣል።»

ዊንታ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚታቸውን ጫን ጫን አደረገች፣ አንገታቸውን አየች፣ ጀርባቸውን አዳመጠች፣ እያንዳንዱን ለምን እንደምታደርግ እየተናገረች። ውሃው ይወርዳል፣ ቧንቧው ተከፍቷል። እግራቸው ያበጠ እግር መባሉ ያንገበገባቸው ወይዘሮ እንኳ ልባቸው በደስታ ሊወጣ ደረሰ።

ዶክተር ተስፋሁን አስነጠሰ።

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ሊጭኑ ሲሉ አንዱ በዊንታ ተይዟል። በአንዱ አፈኑ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ዶክተሩ ደገመው። ሰለሰው። ጉንጫቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ያልተባለው ይማርዎት ጉሮሯቸው ላይ ተደራረበ።

«ፕሮፌሰር» አለች ዊንታ፣ ጣቶቿን ሳታነሳ። «የታማሚዋ የልብ ምት አሁን ፈጠነ።»

«መንስኤው ምን ይመስልሻል?»

«ይማርዎት ማለት ተከልክላ ነው።»

የዶክተሩ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፕሮፌሰሯ ከንፈር ጫፍ ወደ ላይ ሊሄድ ሲል ያዘችው፤ አመለጣት። «ሕክምናውስ?»

«ፈቃድ መስጠት። በፍጥነት።»

«ከጨረስን በኋላ። ቀጥዪ፤ ስለ ልቧ ድካም ምን ታደርጊላታለሽ?»

ዊንታ ቀጠለች፤ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን፣ ጨው መቀነሱን፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደ አያቷ ፊት እየተናገረች። ስትጨርስ ፕሮፌሰር እፀገነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ውጤት የሚነገረው በኢሜይል ነው። ግን ታማሚዋ እስከዚያ የምትቆይልኝ አይመስለኝም። አልፈሻል፣ ዶክተር ዊንታ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ፣ ይበሉ፤ ተፈቅዷል።»

«ይማርዎት! ይማርዎት! ይማርዎት ልጄ፣ ኧረ ያሳድግዎት፣ ዝንጅብል በማር ይጠጡበት!»

«ያኑርዎት፣ እማማ» አለ ዶክተሩ ዕንባውን እየጠረገ።

ዊንታ አያቷን ከወንበሩ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ነው እሷው ጉልበቷ የከዳት። ዝልፍልፍ አለች። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከመውደቋ በፊት ወገቧን ያዟት፣ ደግፈው አስቀመጧት፣ ግንባሯን ሳሙ። «አላልኩሽም?» አሉ። «አላልኩሽም ማን ያነሳታል?»

«ብለሻል፣ አደይ» አለች ዊንታ ፊቷን ትከሻቸው ውስጥ ቀብራ። «ሁለተኛ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ አትግቢብኝ።»

ወይዘሮዋ በዚህኛው አልማሉም። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ግቢው በር ወጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ፣ አሁንም ውሳኔው ስላልተነገራቸው፣ እንደቆሙ ናቸው። ማዶ ያ ምስኪን ወያላ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላም ማንም «ይብቃህ» ስላላለው እጁን አፉ ላይ ጋርዶ ያንሾካሹካል።

«አታክልቲ ወደይ!» አሉት። «አልፋለች! በል አሁን ጩኽ!»

ወያላው ደረቱን ነፋ። ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እርግቦች ከጣሪያ ተነሱ። «አምስት ኪሎ! አምስት ኪሎ! ዶክተር ካለበት ግቢ፣ አምስት ኪሎ፣ ሁለት ሰው የቀረው!»